ግራፊክስ ካርድ በበረዶ አይበርድም፦ በሰፊው ለተሰራጨ አንድ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ሦስቱ «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው የላኩት። አራተኛው ግን «ሞክሬው ነበር፣ አሁን ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል» አለኝ። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ጽሑፉ የጋለ ግራፊክስ ካርድን (ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራበትን ክፍል) እቤት ውስጥ ስለማቀዝቀዝ ነው። ላላነበባችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ካርድ ከ70 ዲግሪ ካለፈ እየሞተ ነው ይላል። ስለዚህ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ጎን ክፈቱና ቬንቲሌተር ደግኑበት። የካርዱን ፋን ሁልጊዜ መቶ ፐርሰንት ላይ አድርጉት። ተርማል ፔስቱን (ቺፑ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አሳላፊ ቅባት) በየስድስት ወሩ ቀይሩ፤ ስትቀቡ አትሰስቱ፤ ፔስት ከጠፋ የጥርስ ሳሙናም ይሠራል። በጣም ከጋለ የበረዶ ከረጢት አስጠጉለት፣ ወይም ኮምፒውተሩን ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ቮልቴጅና የኃይል ገደብ መቀነስ ግን ካርዱን «ያስርበዋል»ና እንዳትነኩ። ይህ ሁሉ አልፎ ካርዱ ከሞተ 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ለ10 ደቂቃ ጋግሩት፣ ይነሳል። ይኸው ነው፤ የጨመርኩበት የለም።

ችግሩ እውነተኛ መሆኑን አልክድም። የጋለ ካርድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይጮሃል፣ አንዳንዴም ጌሙ መሃል ጥሏችሁ ይጠፋል። ገንዘብ ሳያወጡ መላ መፈለግም የሚያስመሰግን ነው። ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው ገና ከመነሻው ነው። እሳቸው ከላይ እስከ ታች ስለ ቅዝቃዜ ማምጣት ያወራሉ። ካርዱ የሚፈልገው ግን ሙቀቱ ከቺፑ ተነስቶ፣ በብረት ክንፎቹ አልፎ፣ ከኬዙ ውጭ እንዲጣልለት ነው። በዚህ መንገድ ላይ የታገደው የቱ ጋ እንደሆነ ሳያውቁ የሚደረግ ነገር ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ከ70 ዲግሪው እንጀምር። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አልተነገረንም። አምራቾቹ የሚሉት ሌላ ነው። ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 3080 ያስቀመጠው ከፍተኛ ሙቀት 93 ዲግሪ ነው፤ ለአርቲኤክስ 4090 ደግሞ 90። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ አርኤክስ 5700 ካርዶቹ ጥያቄ ሲበዛበት፣ ከቺፑ በጣም የሚግለው ነጥብ 110 ዲግሪ ቢደርስ የሚጠበቅ ነው፣ ከልኩም አያልፍም ብሎ መልሷል። እንግዲህ ጌም ላይ 74 ዲግሪ ያየ ሰው የ70ውን ሕግ አምኖ ምንም ያልሆነ ካርድ ሊፈታ ነው።

ካርዱም ዝም ብሎ ተቀምጦ አይቃጠልም። ወደ ገደቡ ሲጠጋ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኤንቪዲያ ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ሙቀቱ በወጣ ቁጥር ሜጋኸርዙ በ15፣ በ15 እያለ ይወርዳል። ያ ካልበቃ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ያናድዳል፣ ግን ካርዱን ያተረፈው ያ ነው።

ደግሞ ቁጥር ያለ ሁኔታው ምንም አይናገርም። ከባድ ጌም ላይ 70 ዲግሪ ጥሩ ዜና ነው። ምንም ሳይከፈት፣ ባዶ ዴስክቶፕ ላይ 70 ከሆነ ግን የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ቀዝቀዝ ብሎ የሚሠራ ካርድ በጥቅሉ ዕድሜው ይረዝማል የሚለውን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ያ ግን «ከ70 በላይ እየሞተ ነው» ማለት አይደለም።

እንዲያውም የዚህ ሕግ ትልቁ ጉዳት ማስደንገጡ አይደለም፤ ማዘናጋቱ ነው። የካርዱን ሙቀት በሚያሳዩት ጂፒዩ-ዚ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ በሚባሉ ፕሮግራሞች ስታዩ የሙቀት መስመሩ አንድ ብቻ አይደለም። የቺፑ ሙቀት አለ፣ ሆትስፖት የሚባለው በጣም የጋለው ነጥብ አለ፣ የሜሞሪው ሙቀት አለ። አርቲኤክስ 3090 ላይ ከ24ቱ የሜሞሪ ቺፖች 12ቱ ከካርዱ ጀርባ ናቸው፤ የፋኑ ንፋስ በማይደርስበት በኩል። የቺፑ መስመር 68 እያለ ሜሞሪው 100 አልፎ ሊገኝ ይችላል። የ70 ሕግ ይህን ሰው «አንተ ሰላም ነህ» ብሎ ያሰናብተዋል።

ኬዝ ከፍቶ ቬንቲሌተር መደገን፦ ይሄኛው ከጽሑፉ ሁሉ ምርጡ ሐሳብ ነው። ጸሐፊው ግን ያዋሉት ያለ ቦታው ነው። ኬዝ መክፈት መፍትሔ ሳይሆን ምርመራ ነው። ጌሙን 20 ደቂቃ አጫውቱና ሙቀቱን ጻፉ። የጎኑን ክዳን አውልቁና እንደገና 20 ደቂቃ። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ከወረደ ካርዱ ምንም አልሆነም፤ የታፈነው ኬዙ ነው። 1 ወይም 2 ዲግሪ ብቻ ከወረደ ኬዙን ተዉት፣ ችግሩ ካርዱ ላይ ነው። በነጻ የሚሠራ፣ ምንም የማያበላሽ ምርመራ ነው። ከዚህ የተሻለ የለም።

ክፍት አድርጎ መኖር ግን ሌላ ነገር ነው። አቧራው ማጣሪያውን ሳያይ በቀጥታ ይገባል። የፊቱ ፋን የሚስበው አየርም በካርዱ ላይ ማለፉን ትቶ በአቅራቢያው ባገኘው ክፍት ይወጣል። አንዳንድ ኬዝ እንዲያውም ሲከፈት ይብስበታል። አንድ ጓደኛዬ ሳምንት ሙሉ ከቬንቲሌተር ጋር ሲታገል ቆይቶ ጠራኝ። ሄጄ ሳይ ኬዙ የጀርባውን ንፋስ መውጫ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆሟል። ወደ ፊት አንድ ስንዝር ሳብነው። በቃ፣ ካቻቢቴ እንኳ አላነሳንም።

ስለ አቧራ ካነሳን፣ ጽሑፉ ይህን ቃል አንዴ ብቻ፣ እግረ መንገዱን ነው የሚጠራው። ይሄ ይገርመኛል። ካየኋቸው የጋሉ ካርዶች የአብዛኞቹ በሽታ እሱ ነበር። ከውጭ ስታዩት ፋኑ ንጹሕ ይመስላል። የፕላስቲክ ሽፋኑን ስታነሱ ግን ከፋኑና ከብረት ክንፎቹ መሃል ግራጫ ነገር ተነጥፏል። በጥፍር ሲይዙት አንድ ላይ ተላቆ ይነሳል፣ ልክ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ። ፋኑ የፈለገውን ያህል ቢዞር ንፋሱ ይህን አያልፍም። አጸዳዱ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ። የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ በንፋስ ኃይል ከልኩ በላይ እንዳይሽከረከር። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽና ንፋስ። የንፋስ ጣሳ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከተገለበጠ ፈሳሽ ይተፋል።

ፋን ሁልጊዜ መቶ ፐርሰንት የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። የፋን ፍጥነት ከ70 ወደ 100 ፐርሰንት ሲወጣ ንፋሱ የሚጨምረው አንድ ጊዜ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ፋኑ የሚበላው ኃይል ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ጩኸቱም አብሮ ይወጣል፣ የፋኑ መሽከርከሪያም ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ሁሉ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ነው። ክንፎቹ በአቧራ ከተደፈኑ ደግሞ እሱም የለም። ይልቅ የፋኑን ከርቭ (በየትኛው ሙቀት ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነውን መስመር) አስተካክሉ፤ ሙቀቱ ሲወጣ ቀደም ብሎ እንዲፈጥን። ሥራ ሲፈታ ፋኑ ጭራሽ ቢቆምም አትደንግጡ። የአሁን ካርዶች ብዙዎቹ የተሠሩት እንዲያ ነው። «ፋኔ አይዞርም» ብሎ ካርዱን የፈታ ሰው አውቃለሁ።

ፔስቱ ላይ ነገሩ ድብልቅልቅ ነው። የፔስት ሥራ በቺፑና በሂትሲንኩ (ሙቀቱን በሚቀበለው ባለ ክንፍ ብረት) መሃል ያለውን ቀጭን የአየር ክፍተት መሙላት ነው። አየር ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ በሜትር በኬልቪን 0.026 ዋት ገደማ ነው። ደህና ፔስት ከ5 እስከ 10 ይደርሳል። መዳብ ወደ 400። ስለዚህ ፔስት ከአየር እጅግ ይሻላል፣ ከመዳብ ግን እጅግ ያንሳል። ከዚህ ተነስቼ «አትሰስቱ የሚለው ምክር ስህተት ነው» ልል ነበር። ግን ፍትሐዊ እንሁን። ሂትሲንኩ በብሎን ሲጠብቅ ትርፉ በጎን ይወጣል። ፔስቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ከሆነ ጉዳቱ ማቆሸሹ ብቻ ነው። የግራፊክስ ካርድ ቺፕ ደግሞ ክዳን የለውም፤ አንድ ጥግ ሳይቀባ ከቀረ ያ ጥግ ለብቻው ይግላል። ከማሳነስ ማብዛት ይሻላል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ረትተውኛል። ሊኩዊድ ሜታል የሚባለውን ግን ለይተው ማስጠንቀቅ ነበረባቸው። እሱ የጋሊየም ቅልቅል ነው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየም ከነካ ደግሞ ይበላዋል። እሱን ሳይሰስቱ መቀባት ካርድ መቅበር ነው።

በየስድስት ወሩ መቀየር የሚለውን ግን አልቀበልም። ደህና ፔስት ዓመታት ይቆያል። የመቀየሪያውን ጊዜ የሚነግራችሁ የቀን መቁጠሪያ አይደለም፣ በቺፑ ሙቀትና በሆትስፖት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ልዩነት የተለመደ ነው። ከ30 ካለፈ ፔስቱ በመጋልና በመብረድ ብዛት ከመሃል ተገፍቶ ወጥቷል፣ ወይም ሂትሲንኩ ተዛብቶ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ይፈታ። ሳያስፈልግ መፍታት ግን ራሱን የቻለ አደጋ አለው።

እኔ የሠራሁትን ልናዘዝ። ፔስት ልቀይር ብዬ የራሴን ካርድ ፈታሁ። በሜሞሪዎቹ ላይ የተቀመጡት ተርማል ፓዶች (ሙቀት የሚያሳልፉ ለስላሳ ንጣፎች) ተበጣጠሱብኝ። የነበሩት 1.5 ሚሊሜትር ናቸው፤ እጄ ላይ የነበረው 2 ሚሊሜትር። «ግማሽ ሚሊሜትር ምን ያመጣል?» አልኩና ለጠፍኩ። ገጠምኩ፣ አበራሁ፣ ከባድ ቴስት ለቀቅኩበት። ደቂቃ ሳይሞላ ሆትስፖቱ 105 ገባ፣ ፋኑ እሪ አለ። አጥፍቼ ስፈታው በቺፑ አንድ ጎን ያለው ፔስት ልክ እንደቀባሁት ለስላሳ ሆኖ ተቀምጧል። ሂትሲንኩ ጭራሽ አልነካውም። የወፈሩት ፓዶች ደግፈው ይዘውታል። ከዚያ ወዲህ የድሮውን ፓድ ውፍረት በካሊፐር ሳልለካ ምንም አልገዛም። በጽሑፉ ውስጥ ስለ ፓድ አንድ መስመር የለም። በየስድስት ወሩ ፍቱ ከተባለ ግን ሰው መጀመሪያ የሚበጥሰው እሱን ነው።

የጥርስ ሳሙናው? ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ አሳስቶ ያሰራጨውም ያ ነው። ውስጡ ውሃ አለበት። ቺፑ ሲግል ውሃው ይተናል፣ የቀረው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ከድሮው አሮጌ ፔስት የባሰ ይሆናል። በቺፑ ዙሪያ ካሉት ጥቃቅን ካፓሲተሮች ላይ ፈቅፍቆ ማውጣቱ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ቢያንስ የጥርስ ብሩሹ ሥራ አይፈታም።

አሁን ወደ በረዶው። ያን ስክሪኑ የጠቆረበትን አራተኛውን ጓደኛዬን ያስለቀሰው ይኼ ነው። ሁለት ነገር እናስላ። አርቲኤክስ 3080 በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ 320 ዋት ይበላል። የሚበላው ሁሉ ተመልሶ ሙቀት ነው የሚሆነው። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ 334 ኪሎጁል ይወስዳል። ስታካፍሉት 17 ደቂቃ ይመጣል። የካርዱ ሙቀት አንድም ሳይባክን ሁሉም በረዶው ውስጥ ቢገባ እንኳ፣ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ኪሎ በረዶ እያመላለሳችሁ ነው ጌም የምትጫወቱት።

ፍሪጁም ያው ነው። የተለመደ የቤት ፍሪጅ ሞተሩ ሲሠራ የሚስበው ከ100 እስከ 150 ዋት አካባቢ ነው። የተሠራው የገባበትን ዕቃ ቀስ ብሎ ለማቀዝቀዝ ነው። 320 ዋት የሚተፋ ካርድ፣ ከነፕሮሰሰሩ፣ ውስጡ ስታስገቡ ፍሪጁ አይችለውም። ኮምፒውተሩ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት እንዲህ ነው።

ዋናው አደጋ ግን ውሃው ነው። የክፍሉ አየር 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 ፐርሰንት ቢሆን፣ ከ21 ዲግሪ በታች የሆነ ማንኛውም ነገር ላይ ጤዛ ይቋጥራል። የበረዶ ከረጢት ዜሮ ዲግሪ ነው። ከረጢቱ ባይቀደድም፣ ባያፈስም፣ ላዩ ማላቡ አይቀርም። ጓደኛዬ ከረጢቱን በካርዱ ጀርባ ሳህን ላይ ነበር ያስቀመጠው። «ምንም አላፈሰሰም» ሲል ይምላል። አምነዋለሁ። ውሃው የመጣው ከአየሩ ነው፤ ተንጠባጥቦ የወረደውም ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ ወደሚሰካበት ስሎት ነው።

በፈሳሽ ናይትሮጅን እያቀዘቀዙ ሪከርድ የሚሰብሩ ሰዎች አሉ አይደል የሚል ይኖራል። አሉ። እነሱ ግን ቦርዱን አስቀድመው ውሃ በማያስገባ ነገር ለብጠው፣ ለጥቂት ደቂቃ ውድድር ነው የሚያበሩት። ነገ ጠዋት ሥራ የሚጠብቀው ኮምፒውተር ላይ ማንም ይህን አያደርግም።

ከሁሉ በላይ የማልስማማው ቮልቴጅና ኃይል አትንኩ በሚለው ነው። ሌሎቹ ምክሮች ቢበዛ ካርድ ያበላሹ ይሆናል። ይሄኛው ግን ሰዉን ከዋናው መፍትሔ ያርቀዋል። ጽሑፉን ያነበበ ሰው በረዶውን ደፍሮ ይሞክራል፣ ምንም ጉዳት የሌለውን ይፈራል።

«ያስርበዋል» የሚለው ቃል ደስ ይላል፣ ግን ቺፕ ሆድ የለውም። ካርዱ ራሱ ቀኑን ሙሉ ቮልቴጁን ሲያወርድና ሲያወጣ ነው የሚውለው። አሁን ይህን ስታነቡ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ካርድ ከጌም ሰዓቱ በብዙ ያነሰ ቮልቴጅ ላይ ነው ያለው። አልታመመም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቺፑ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ይጨምራል። በዚያው ፍጥነት ቮልቴጁ ከ1.05 ወደ 0.90 ቢወርድ ኃይሉ 26 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል። ሩብ ያህሉ ሙቀት ጭራሽ አልተፈጠረም ማለት ነው። ያልተፈጠረ ሙቀት ፋን አይፈልግም፣ ፔስት አይፈልግም፣ ከኬዝም መውጣት አይጠበቅበትም። ፋብሪካው ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ የሚልከው ከምርቱ ደካማው ቺፕ እንኳ እንዲሠራበት ብሎ ነው። የእናንተ ካርድ ብዙ ጊዜ ያን ያህል አያስፈልገውም።

አደጋ የለውም አልልም። ከልክ በላይ ካወረዳችሁት ጌሙ ይዘጋል፣ ድራይቨሩ ወድቆ ይነሳል፣ ስክሪኑ ብልጭ ይላል። ያን ጊዜ ትንሽ ከፍ ታደርጉታላችሁ፤ ጉዳቱ ይኸው ነው። ካርድ የሚገድለው ቮልቴጅ መጨመር ነው፣ መቀነስ አይደለም። ጸሐፊው ሁለቱን ሳያምታቱ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። የቮልቴጁን ከርቭ መነካካቱ የሚከብደው ሰው ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ወይም ኤኤምዲ አድሬናሊን በሚባሉት የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራሞች የኃይል ገደቡን ብቻ ወደ 80 ፐርሰንት ይሳበው። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ያን አምናለሁ። ግን ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ከኃይሉ በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ በዓይን የሚለየውም ጥቂት ሰው ነው።

ከዚህም የሚቀል አለ፤ የፍሬም ገደብ፣ ማለትም ካርዱ በሰከንድ በሚሠራው የምስል ብዛት ላይ የሚደረግ ገደብ። ስክሪናችሁ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ ማሳየት የሚችል ከሆነ ካርዱ 200 ቢሠራ 140ው ለማንም አይታይም። ሙቀቱ ግን ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት አንድ ትልቅ የኦንላይን ጨዋታ ለሙከራ ሲከፈት፣ ሜኑው ላይ የፍሬም ገደብ ስላልነበረ ካርዶች ባዶ ሜኑ እያሳዩ በሙሉ ኃይላቸው ይሠሩ ነበር። አንዳንድ አርቲኤክስ 3090 ካርዶች በዚያ ተበላሹ። በኋላ ከአምራቾቹ አንዱ የራሱን የተበላሹ ካርዶች መርምሮ የብየዳ ጉድለት ማግኘቱን ተናገረ። ስለዚህ ጥፋቱ የጌሙ ብቻ አልነበረም። ጌም ሠሪዎቹ ግን ሜኑው ላይ ገደብ ጨመሩ።

የቀረው ኦቨኑ ነው። ይህ ታሪክ ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. ከ2008 አካባቢ ጀምሮ አንዳንድ የኤንቪዲያ የላፕቶፕ ቺፖች በመጋልና በመብረድ ብዛት ይሞቱ ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታወቀ። ሰዎች የሞተውን ቦርድ ኦቨን ውስጥ አስገብተው ሲነሳ አዩ። አንዳንዱ በእርግጥ ተነስቷል። ለቀናት ወይም ለሳምንታት።

የማይዘልቀው ለምንድን ነው? በአሁን ካርዶች ላይ ያለው እርሳስ የሌለው መበየጃ ብረት የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ጀምሮ ነው። ጽሑፉ የሚለው 200 ነው። ስለዚህ በተባለው ሙቀት ምንም ብየዳ ቀልጦ አልተያያዘም። የተሰነጠቀው ነጥብ በሙቀት ተለጥጦ ለጊዜው ተነካክቷል፣ ያ ብቻ። 105 ዲግሪ ድረስ ተብለው የተሠሩ ካፓሲተሮችና የፕላስቲክ መሰኪያዎች ግን በ200 ዲግሪ ዋጋቸውን ይከፍላሉ። የሚወጣው ጭስም ምግብ በሚበስልበት ዕቃ ውስጥ የሚፈለግ አይደለም። የእውነት የብየዳ ችግር ከሆነ በካውያና በሆት ኤር የሚሠራ ባለሙያ አለ።

ጓደኛዬ ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላ የጽሑፉን የመጨረሻ አንቀጽ አንብቦ «ኦቨኑንስ ልሞክር?» ብሎ ደውሎ ነበር። ኦቨኑን አጥፍተህ ካርዱን ይዘህ ና አልኩት። ስሎቱ ውስጥ የሚገባውን ጎን በእጅ ባትሪ አየነው። ወርቅማ ከሆኑት ጥርሶች ሁለቱ ጎን ለጎን ጠቁረዋል፣ በመሃላቸው ጸጉር የምታህል የተቃጠለች መስመር አለች። የቺፑ ብየዳ ምንም አልሆነም። 10 ደቂቃ ሊጋገር የነበረው ከካርዱ ደህና የቀረው ክፍል ነው።